የወደቀ ማንሳት

እኔ መምህር ነኝ፤ ቢያንስ ወረቀቴ እንዲያ ይላል። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በመጨረሻ የጻፍኩት የክፍልፋይ ሒሳብ አሁንም አለ፤ መስኮቱ ስለወለቀ ፍየሎች እየገቡ ያጠኑታል። ቀበሌዋ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በስተግራ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ታስኬዳለች። «ለምን ወደ አገርህ ወደ ፈረስ ቤት አትመለስም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መንገዱ አያስኬድም እላለሁ። እውነት ነው፤ ስንፍናም ግን አለበት።

የተከራየሁት እትየ እህተ ማርያም ግቢ ውስጥ ነው። አሁን ለእሳቸው የሚያዝን ሰው ሞልቷል፤ ሲሠሩ የከረሙትን የሚናገር ግን አልሰማሁም። እኔም ሲሠሩ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ከማየት ያለፈ ብዙ አልረዳኋቸውም። እንግዲህ ቢያንስ ልጻፈው።

እትየ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ወደፊት ዘመም የሚሉ ሴት ናቸው። ባላቸው አያ ገነነ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት መስከረም በወባ ሞቱ። የቀራቸው አንድ ልጅ ነበር፤ ክንዱ። ክፍልፋይ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አልገባውም ነበር። ይልቅ እኔ ግማሹን የጤፍ ከረጢት መሸከም ሲያቅተኝ ሙሉውን አንስቶልኝ ይሄድ ነበር። አባቱ በሞቱ በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ በጎረቤታቸው በአያ ይርሳው በሬዎች አርሶ ከእናቱ ጋር ጤፉን ዘራና በሳምንቱ ወደ ቡሬ ሄደ። በእህል መጋዘኖች አካባቢ ጭነት የሚያወርድና የሚጭን ሰው ይፈለጋል ተብሎ ነው።

«ለአጨዳ እመጣለሁ» አላቸው። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ ከአንድ ጓደኛው ስልክ ደወለ፤ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። እኔ ስልኬን ይዤ ኮረብታ ለኮረብታ መዞር ሲሰለቸኝ ተውኩት።

እትየ ከዚያ ወዲያ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ክንዱ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው። በቀበሌያችን የተዘጉ ቤቶች በርክተዋል። ሰዎቹ ፍኖተ ሰላም ወርደው የሰው ልብስ ያጥባሉ፣ ሲሚንቶ ይሸከማሉ፤ የቤታቸው ክዳን እየዘመመ አጥሩን ጎረቤት ይማግደዋል። ጤፉ ከጠፋ የእትየም ዕጣ ይኸው ነበር። ሌላ እህል አልነበራቸውም፤ ከጓሮ ያለች ጥቂት በቆሎ ብቻ።

ማዳበሪያ በዚያ ዓመት አልገባም። ስለዚህ እትየ ከየጎረቤቱ በረት ፍግ፣ ከየምድጃው አመድ በቅርጫት እያጋዙ ማሳው ላይ በተኑ። አንዳንድ ሰው «አመድ ለቃሚዋ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሰው አንድ ጊዜ ያርማል፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ አረሙ። ሦስተኛውን ጊዜ አይቼ፣ «እትየ፣ አረሙም እኮ የእግዜር ፍጥረት ነው» አልኳቸው።

«መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ቦታውን ነው የሳተው።»

ማርያምን እንደ ሰው ነበር የሚያናግሯት። የአጥቢያችን ታቦት ማርያም ናት፤ እትየም በየወሩ በሃያ አንድ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር አባል ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸው የእሷ እህት ማለት ነውና፣ «እህት እህቷን አትረሳም» ይላሉ። በእርሻው መካከል ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ፣ «አንቺ፣ ልጁን ወዲህ በይልኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ በጸሎት ጎበዝ አይደለሁም። የእሳቸው ጸሎት ግን ሥራ ስለማያስፈታ ደስ ይለኝ ነበር።

ጤፉ አማረ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በቀበሌው የታወቀ ነበር። ኅዳር ገባ፣ ጤፉ ደረሰ፣ ለአጨዳ ተዘጋጀ። ያን ጊዜ በአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተጀመረ።

አሥር ቀን ሙሉ ከቤት የወጣ ሰው አልነበረም። ጥይቱ ማሳውን አቋርጦ ያልፍ ነበር፤ የአንዲት ሴት ላም ግጦሽ ላይ ሳለች ሞታለች። በእኛ አገር አጨዳ በወንፈል ነው፤ ዛሬ የእኔን አሥር ሆነን፣ ነገ ያንተን። አሥር ሰው ግን ሜዳ ላይ ተሰልፎ ለመቆም የደፈረ የለም። በአሥራ ስምንት ነፋስና ካፊያ መጣና የእትየ ጤፍ ጋሸበ፤ መሬት ላይ ተኛ። የተኛ ጤፍ ዝናብ ካገኘው እዚያው ይበቅላል። ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ እንኳ አውቃለሁ።

በሃያ ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ቆመ። ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። በደጋ ዳሞት በኩል ደመናው ጠቁሯል። ማጭድ ሁሉ ተስሎ አደረ፤ ግን ለሃያ ሁለት ነበር የተሳለው። ሃያ አንድ ኅዳር ማርያም ናትና፣ ግዝት ናት። በግዝት ቀን ማጭድ የያዘ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ በአጥቢያው ሁሉ ላይ በረዶና ዝናብ ይጠራል። እንዲህ እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ኮሌጅ ገብቼ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ደፍሬ አልሞከርኩትም።

እትየ ያን ዕለት ሠርክ ላይ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ገብረ ሕይወት ሄዱ። እኔም ወሬ ፈልጌ ተከተልኩ። አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም አገኘናቸው። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ ቅኔ ያውቃሉ፤ ነገርን በቀጥታ መናገር እንደ ነውር ይቆጥሩታል።

«አባቴ፣ ጤፌ ወድቋል» አሉ እትየ። «ሰማዩንም ያዩታል። ነገ ተኩስ የለም ይላሉ፤ ከነገ ወዲያ ግን ማን ያውቃል?»

አባ ሰማዩን አዩ። «የማርያምን ቀን አትሻሪ» አሉ።

«ታዲያ እንዴት ልሁን?»

«አትሻሪ አልኩሽ። የወደቀ ማንሳት ግን ሥራ አይደለም።» መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ገቡ።

ስንመለስ እትየ መንገድ ላይ ቆሙ። «ሰምተሃል አይደል፣ መምህር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሁለቱንም አሉ።»

«አንዱን ነው ያሉ» አሉ እትየ። «የኔ ጤፍ ወድቋል።»

በማግስቱ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጸበል ጠጥተው ተመለሱና ደጃፌ ላይ ቆሙ። ማጭዱን ይዘዋል። «ነዶ የሚያስር ሰው ቢኖር ይቀናኝ ነበር» አሉኝ።

ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? «እትየ፣ እኔ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

ሳቁ። አልተቆጡም፣ ሳቁና ሄዱ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ማኅበሩ ቤት ሄድኩ፤ ሰው ጋር ሆኖ መብላት ከሰው ተለይቶ ከማጨድ ይቀላል።

ከማኅበሩ ስንወጣ ከዳገቱ ላይ ሁላችንም አየናቸው። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በሰፊ ማሳ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከኋላዋ ነዶ ተደርድሮ። ከዚያ አያ ይርሳው ቁልቁል ወረዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። አያ ይርሳው የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ የማኅበር አለቃን እንዲያ ነው የምንለው። የዕድሩም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ የክንዱ ጤፍ የታረሰው በእሳቸው በሬዎች ነው፣ ለዚያም ከእትየ ምንም አልተቀበሉም።

«እህተ ማርያም፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ከማሳው ዳር ቆመው።

«አያ ይርሳው፣ የወደቀ እያነሳሁ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

እትየ ቀና ብለው ከሰዉ መካከል አባን ፈለጉ፤ አገኟቸውም። አባ ጭራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ እንጂ ምንም አልተናገሩም። የንስሐ አባት ያለው ቃል በአደባባይ አይጠራምና እትየም ስማቸውን አላነሱም። ጎንበስ ብለው አጨዳቸውን ቀጠሉ። እኔ አባ ሲናገሩ በጆሮዬ የሰማሁ ብቸኛ ምስክር ነበርኩ። ከሰዉ ኋላ ሆኜ ጫማዬን አየሁ።

በሃያ ሁለት ጠዋት፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ከመውጣቱ ተኩሱ እንደገና ተነሳ። በሃያ ሦስት ዝናቡ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም። በአጥቢያው ያለ ጤፍ ሁሉ በማሳው ላይ በቀለ፤ ከአጨዳ በፊት አረንጓዴ የሆነ ጤፍ አይቼ አላውቅም ነበር። የእትየ ጤፍ ግን ከሦስት እጁ ሁለቱ ተከምሮ፣ በላዩ ሣር ለብሶ፣ ከውስጥ ደረቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እሳቸው ግን አልወደቁም፤ ጥፋታቸውም ያ ነበር። ማኅበሩ ተሰበሰበና ዝናቡን የጠራችው እሷ ናት ተባለ። ከማኅበሩም ከዕድሩም ተለዩ። እሳት እንዳይጭሩላቸው፣ ውሃ እንዳያቀብሏቸው፣ ቤታቸው ማንም እንዳይገባ ተወሰነ። እኔ ተከራይ ስለሆንኩና የሌላ አጥቢያ ሰው ስለሆንኩ ተዘለልኩ። አባ በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አሞኛል ብለው ቶሎ ወጡ።

በሬ የሚያውሳቸው ስላልነበረ እትየ ታኅሣሥን በሙሉ አውድማ ላይ በዱላ ሲወቁ ከረሙ። በሁለተኛው ቀን ማየቱ አስጠላኝና ዱላ ይዤ ወጣሁ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። በዚያ ዓመት ከሠራሁት የማላፍርበት ይኸ ብቻ ነው። እትየ ስለ ሰዉ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። «ተቆጡ እንጂ» ስላቸው፣ «ስቆጣ ክንዴ ይዝላል» አሉኝ።

ጤፉ ሦስት ትንንሽ ጎታ ሞላ። አንደኛው ለዘር፣ ሁለተኛው ለመብል ሆነ። የሦስተኛውን አፍ በጭቃና በእበት መርገው፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጣታቸው መስቀል ሠሩበት። «ይኸ የክንዱ ነው» አሉ። «የዘራውን ሳይቀምስ እኔ አልበላለትም።» የመብሉንም ቢሆን እምብዛም አልነኩት፤ የበቆሎ ቆሎና ንፍሮ ነበር የሚበሉት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቅጥሩ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ብቻቸውን ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተና፣ ትምህርት ይጀመር እንደሆነ ለመጠየቅ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። አይጀመርም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ አንድ የቡሬ የእህል ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጦ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሙዓዝ ይባላል። የቀበሌዬን ስም ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ክንዱ ገነነን ታውቀዋለህ?»

«የአከራዬ ልጅ ነው። አስተምሬዋለሁ።»

«ወላሂ፣ ሰው እየፈለግሁ ነበር» አለኝ። «ሦስት ወር ሙሉ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጣሁ።»

ክንዱ ለእሱ ነበር የሚሠራው። በጥቅምት አጋማሽ፣ ከመኪና ጤፍ ሲያወርዱ በከተማው ዳር ተኩስ ተነሳ። ሌሎቹ ሮጡ፤ ክንዱ ጫንቃው ላይ ኩንታል ስለነበር እስኪያወርደው ዘገየ። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ጥይት አገኘችው። ሙዓዝ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንስቶ፣ መግነዣ ገዝቶ፣ ካህን ለምኖ በቤተ ክርስቲያን አስቀበረው። «እናቱ ዘንድ ሰው መላክ ብንችል...» አለና ተወው። በማግስቱ ጋቢውን ይዞልኝ መጣ። እትየ የፈተሉት ጋቢ ነው፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስቆጥር ነበር። ጥቅምት አጋማሽ። ኅዳር ሃያ አንድ። እትየ ከማርያም ጋር ተጣልተው፣ ከአገሩ ሁሉ ተጣልተው ያተረፉት ጤፍ ባለቤቱ ከሞተ ወር አልፎት ነበር።

በቀጥታ የሄድኩት አያ ይርሳው ዘንድ ነው። ስነግራቸው ቆመው ነበር፤ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ለእሷ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኩም።»

«ደግ። መርዶ አንድ ሰው አይናገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ዕድሩ ሁሉ ባለበት ነው።»

«እንሰብሰብና እንሂዳ።»

«ወዴት? የተለየች ሰው ቤት ዕድር አይገባም። አስቀድማ ትታረቅ። ለመታረቅ ደግሞ አጠፋሁ ማለት አለባት።»

«አላጠፉም እኮ፣ አያ።»

«እሱን አንተ አታውቀውም» አሉኝ። አውቅ ነበር። ያን ቀን እንኳ አልተናገርኩም።

እትየ አጠፋሁ አላሉም። የተላኩት ሽማግሌዎች ከአጥር ውጭ ቆመው ሲጠይቋቸው፣ «ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ማርያምን አልዋሽም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ምን ቋጥረው እንደመጡ እሳቸው አያውቁም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ በጾም ይሁን አይሁን ሲባል አለፈ። ከዚያ ፋሲካ ሆነ፤ በሃምሳው ቀን ሐዘን አይታወጅም ተባለ። እንዲህ እየተባለ አራት ወር ሄደ። በአጥቢያው ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ክንዱ መሞቱን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረ።

እኔ ከእሳቸው ግድግዳ ወዲህ እተኛለሁ። ጋቢው ሣጥኔ ውስጥ ነው። እትየ በየጠዋቱ ጓሯቸውን እየቆፈሩ፣ «መምህር፣ ከቡሬ የመጣ ሰው አላጋጠመህም?» ይሉኛል። «አላጋጠመኝም» እላለሁ። በፋሲካ ዋዜማ ቤታቸውን በአዲስ አፈር ቀቡ፤ «ለፋሲካ ሳይመጣ አይቀርም» አሉ። ሳይመጣ ሲቀር የግቢውን አጥር ጠገኑ። በዚያ ሰሞን ራሴን ጠላሁ። ይህን ለማሳመር የምጽፈው ቃል የለኝም።

ግንቦት ሲጋመስ ትዕግሥቴ አለቀና አባ ገብረ ሕይወት ቤት ሄድኩ። «አባ፣ ያሉትን ያውጡት» አልኳቸው። «የወደቀ ማንሳት ሥራ አይደለም ብለዋል፤ እኔ ነበርኩ።»

አባ አልካዱም። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ። ከዚያ እንባቸው ወረደ። «እኔ ልቅደም ብዬ ሳስብ አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ፣ ልጄ።» ሁለታችንም ፈሪዎች እርስ በርስ ስንጠባበቅ ነበር ማለት ነው።

በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ቅዳሴው ሲያልቅ አባ በሕዝቡ ፊት ቆሙ። «በኅዳር ማርያም ለእህተ ማርያም የፈቀድኩላት እኔ ነኝ» አሉ። «በቅኔ ፈቅጄ በዝምታ ካድኩ። በደሉ የእኔ ነው፤ ውግዘቱ በእኔ ላይ ይሁን።» ቀጥሎ እኔ መስማቴን ተናገርኩ። ሴቶች አለቀሱ፤ አያ ይርሳው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እዚያው ተመከረና ረቡዕ ማለዳ ዕድሩ ሁሉ ወደ እትየ ቤት እንዲሄድ ተወሰነ።

እትየ ከቅጥሩ ውጭ ከወይራዋ ሥር ሆነው የአባን ቃል ሰምተዋል። የረቡዑን ምክር ግን አልሰሙም። ቤት ስንደርስ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ አላየኋቸውም።

«አሁን ይመጣሉ» አሉኝ። «ለእርቅ ሳይመጡ አይቀሩም። በሦስት ቀን ውስጥ ይመጣሉ።»

«ይመጡ ይሆናል» አልኩ።

«ለእርቅ የመጣ ሰው በቆሎ አይቀርብለትም። የመብሉን ጤፍ ደግሞ ለጨውና ለበርበሬ እየሸጥኩ ጨርሻለሁ። የክንዱን ጎታ ክፈትልኝ፣ መምህር። ክንዱ ቢኖር ክፈችው ይለኝ ነበር፤ እሱ ለሰው አይሰስትም። ሲመጣ ከዘሩ ቆንጥሬ እተካለታለሁ።»

በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር። ረቡዕ ነው፣ ሽማግሌ አለ፣ ወግ አለ ብዬ ራሴን አባበልኩና መሮ ያዝኩ። መስቀል የተሠራበትን ጭቃ እኔ ነኝ የሰበርኩት። እትየ እፍኝ ጤፍ አውጥተው በመዳፋቸው እያገላበጡ አሸተቱ። «አየህ፣ አልነቀዘም» አሉ።

ረቡዕ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስተው ደጁን ጠርገው፣ ከእኔም ክፍል ወንበር አውጥተው ደርድረዋል። እንጀራው በመሶብ ቀርቧል፤ የሰኔ ጾም ገብቶ ስለነበር የሽሮ ወጥ ሠርተዋል። ሰዎቹ በዳገቱ ላይ ሲታዩ እትየ ነጠላቸውን አስተካክለው እስከ አጥሩ በር ወጡ። አርባ ያህል ሰው ነበር። አባ ከፊት፣ አያ ይርሳው ከጎናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ እትየ። «ምነው ቆማችሁ? ቤታችሁ አይደለም? ተቀይሜ እንዳይመስላችሁ፤ ማርያምን፣ አልተቀየምኩም። አያ ይርሳው፣ ግቡ እንጂ።»

የገባ ሰው የለም። እትየ ያን ጊዜ ሴቶቹን አዩ። ነጠላቸው ለሐዘን ተገልብጧል። አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጋቢውን ይዤ ከደጃፌ ወጥቼ ነበር።

«እህተ ማርያም» አሉ አያ ይርሳው። «ክንዱ የለም።»

ሴቶቹ ጩኸት ጀመሩ። እትየ አልጮሁም። እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኟቸው።

«መቼ?» አሉ።

«በጥቅምት።»

«ጤፉ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ።»

እትየ ወደ ማሳው አዩ፤ በስተቀኛቸው ነው፣ ገና አልታረሰም። «እንግዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የማንን ጤፍ ነው ያጨድኩ?»

ከዚያ በኋላ ነው የጮሁት።

ለእርቅ የተሠራው እንጀራ ለለቅሶተኛ ሆነ። ከጎታው የተረፈው ከመርዶው በአርባኛው ቀን ለተዝካሩ ወጣ። አገሩ ሁሉ መጥቶ፣ ክንዱ የዘራውን፣ እናቱ ያጨዱትን በላ። ሙዓዝም ከቡሬ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ የሙስሊም ወግ ስላለው ሳይበላ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ዋለ። እትየ እጁን ስመው፣ «አንተ አነሳህልኝ» አሉት።

እኔን ጋቢው ከመቼ ጀምሮ በእጄ እንዳለ ጠየቁኝ። ከጥር አልኳቸው። ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም፤ እኔም ዕቃዬን ሸከፍኩ። በአሥረኛው ቀን መቆፈሪያ አምጥተው ደጃፌ ላይ አቆሙ። «የማሳው ዳር አልተቆፈረም» አሉኝና ሄዱ። ዕቃዬን ፈትቼ ወጣሁ።

በሐምሌ፣ ከተዝካሩ በኋላ፣ አያ ይርሳው ሳይጠሩ በሬዎቻቸውን ጠምደው መጡ። ማዳበሪያ ዘንድሮም የለም። ክንዱ ይይዘው የነበረውን ዕርፍ አያ ይርሳው ያዙ፤ እትየ ከኋላ ጤፉን በመዳፋቸው እየበተኑ፣ እኔ ጓል እየመታሁ እንከተላለን። በአስፋልቱ በኩል ጠዋት የተኩስ ድምፅ ነበር፤ ቀትር ላይ ጸጥ አለ። ለአጨዳ ማን እንደሚኖር ከሦስታችን የሚያውቅ የለም። ለማን እንደሚዘሩ ልጠይቃቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከማሳው ሩብ ያህል ቀርቶ ነበር። በሬዎቹ ደክመዋል። አያ ይርሳው ላባቸውን ጠርገው፣ «የቀረውን ነገ ብንመለስበትስ፣ እህተ ማርያም?» አሉ።

እትየ የዘሩን ቅርጫት ከአንድ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ዛሬ ሃያ ነው፣ አያ» አሉ። «ነገ ማርያም ናት። ዛሬ እንጨርስ።»